ማስታወቂያው ያላሳያቸው 1,023 ሰዎች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በሚታይባቸው ቤቶች ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ባጃጅ ነጂው ባጃጁን ጥላ ስር አቁሞ ይገባል፤ ተማሪው ደብተሩን እንደያዘ ይገባል፤ ከባሮ የወጣ ዓሣ ሲሸጥ የዋለውም ይገባል። ኳስ እዚህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ኡመድ ኡኩሪ ከዚህ ተነስቶ በግብፅ ክለቦች ተጫውቷል። ጋቶች ፓኖምም በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ሩሲያው አንዚ ማካችካላ ተዛውሯል። ለአንድ የ12 ዓመት የጋምቤላ ልጅ ኳስ የሰፈሩ ልጆች የሄዱበት፣ እሱም ሊሄድበት የሚችል መንገድ ነው።

የስፖርት ውርርዱም የተቀመጠው በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ አጥብቀው የሚከራከሩ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር ናቸው፤ ሌላው የእሳቸው የቀድሞ ተማሪ፣ ዛሬ ዲኤስቲቪ ቤት ከፍቶ የሚተዳደር ወጣት። ከቤቱ ደጃፍ ጀበናዋን ጥዳ የምትውል ቡና ሻጭም አለች፤ ክርክሩን ከሁለቱም በላይ የምታውቀው እሷ ሳትሆን አትቀርም። የውርርድ ማስታወቂያ ዛሬ ካለው በላይ በሕግ ይገደብ ወይስ አይገደብ የሚለው ነገር ሰሞኑን የተነሳው ወጣቱ ግድግዳው ላይ በለጠፈው ወረቀት ሰበብ ነው። ወረቀቱ ላይ በ10 ብር ቲኬት ብዙ ሺህ ብር ያገኘ ሰው ፈገግ ብሎ ይታያል።

«ይህን ማን ለጠፈው?» አሉ መምህሩ።

«እኔ ነኝ ቲቸር። ይከፍሉኛል። የዲኤስቲቪ ክፍያ ሲጨምር፣ መብራት ሲጠፋ ለጄኔሬተር ነዳጅ ስገዛ ገንዘቡ ከየት የሚመጣ ይመስልዎታል? ደግሞስ ወረቀቱ ምን ውሸት አለበት? ሰውዬው በእርግጥ በልቷል።»

«መብላቱን አልክድም። እስቲ የሒሳብ ደብተርህን አምጣ።»

ወጣቱ የሽያጭ መዝገቡን አመጣ። መምህሩ ከጀርባው ባዶ ገጽ ገልጠው እስክሪብቶ ያዙ።

«አሥር ጨዋታ ያለበት ቲኬት ቆረጥክ እንበል። ስሌቱ እንዲቀል እያንዳንዱን ጨዋታ የማግኘት ዕድልህ ግማሽ በግማሽ ይሁን። አወራራጁ ምንም ሳያስቀር ቢከፍል ኦዱ፣ ማለትም ብትበላ ብርህ የሚባዛበት ቁጥር፣ 2 መሆን ነበረበት፤ እሱ ግን 1.90 ይሰጥሃል። የጎደለችው የእሱ ትርፍ ናት። አሥሩም እንዲሳኩልህ ዕድልህ ስንት ነው?»

«ግማሽን አሥር ጊዜ ማባዛት ነው። ከ1,024 አንድ።»

«አልረሳኸውም። 1.90ንስ አሥር ጊዜ ብታባዛው?»

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ መታ መታ አደረገ። «613 ገደማ። በ10 ብር 6,131 ብር ይመጣል።»

«አሁን 1,024 ልጆች፣ አንዱ ግምት ከሌላው ሳይገጥም፣ እያንዳንዳቸው የ10 ብር ቲኬት ቆረጡ በል። 10,240 ብር ተሰበሰበ። ከመካከላቸው አንዱ አሥሩንም አገኘ፤ 6,131 ብር ደረሰው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ጨዋታ ገቢ ላይ 15 በመቶ ጥሏል፤ በዚያ ከሄድን በእጁ የሚገባው 5,211 ብር ነው። አወራራጁ ዘንድ ከ4,000 ብር በላይ ቀረ። 1,023ቱ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ግድግዳህ ላይ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ውሸት የለበትም ማለትህ ልክ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። እውነት እየተናገረ ያሳስታል።»

ይህ ስሌት ቀለል ተደርጎ የተሠራ ቢሆንም አካሄዱ የእውነተኛው ቲኬት ነው። በአንድ ጨዋታ ላይ ከመቶ 5 የነበረው የአወራራጁ ድርሻ አሥር ጨዋታ ሲደራረብ ከመቶ 40 ይደርሳል። ማስታወቂያዎቹ የሚያሞግሱት ደግሞ ይህንኑ ረጅሙን ቲኬት ነው፤ በትንሽ ብር ትልቅ ቁጥር የሚታየው በእሱ ነውና። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ማስታወቂያ ሐሰተኛና አሳሳች መሆን የለበትም ይላል። ያሸነፈውን አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ግን ሐሰት ስላልሆነ ቃል በቃል በሚነበብ ሕግ በቀላሉ አይያዝም። ገደቡ ከእውነትና ከሐሰት ጥያቄ አልፎ ማስታወቂያው የትና መቼ፣ በማን ፊት፣ ለማን ይቅረብ ወደሚለው መሄድ ያለበት ለዚህ ነው።

መምህሩ ስሌቱን አልጨረሱም ነበር። «ከ1,024ቱ ውስጥ ዘጠኙን አግኝተው በአንድ ጨዋታ ብቻ የተቃጠለባቸው ስንት ናቸው?»

ወጣቱ ትንሽ አሰበና «አሥር» አለ።

«አሸናፊው አንድ፣ በአንድ ጨዋታ የተቃጠለባቸው አሥር። እዚህ ቤት ሰኞ ሰኞ የምትሰማው ወሬ የማን ነው?»

«የአሥሩ ነው» አለ ወጣቱ። «አርሰናል ባያቃጥለኝ ኖሮ የሚለው አያልቅም።»

«እነዚያ አሥሩ ናቸው በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው የሚመጡት። ተሸነፍን ብለው አያስቡም፤ ቀርበን ነበር ብለው ነው የሚያስቡት።»

መምህሩ በልምድ ያስተዋሉት ነገር በቤተ ሙከራም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሉክ ክላርክና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ለጥቂት መሳት ደስ ባያሰኝም የመጫወት ፍላጎትን ከፍ እንደሚያደርግ፣ አንጎል ውስጥም ሲያሸንፉ የሚሠራውን ክፍል እንደሚቀሰቅስ ተመልክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የቁማር ሱስን በበሽታ ምደባው ውስጥ አስፍሮታል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 የወጣው የላንሴት የሕዝብ ጤና ኮሚሽን ሪፖርት በዓለም ዙሪያ 80 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች ከቁማር ጋር በተያያዘ ከባድ ችግር ውስጥ እንዳሉ ገምቷል። ይኸው ኮሚሽን ጉዳዩ ራስን መግዛት ላቃታቸው ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም፣ የሕዝብ ጤና ጉዳይ ነው፣ ማስታወቂያም ሊገደብ ይገባል ብሏል።

ወጣቱ ግን በቀላሉ የሚረታ አይደለም።

«ቲቸር፣ እኔ ማንንም እጁን ይዤ አላስቆረጥኩም። አዋቂ ሰው በገዛ ገንዘቡ ቢራ ይጠጣ፣ ጫት ይቃም፣ ቲኬት ይቁረጥ፣ ለማን ይነግራል? መንግሥት ፈቃድ የሰጠውን ሥራ ማስተዋወቅ ለምን ይከለከላል?»

«አዋቂ ይወራረድ። ውርርድ ይጥፋ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል? እኔ የምናገረው ያልጠየቀውን ሰው ቤቱ ድረስ፣ ኪሱ ድረስ ሄዶ ስለሚጠራው ድምፅ ነው። ቢራ አልክ፤ መልካም፣ በቢራ እንሂድ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል እንዳይሸጥም ከልክሏል። ቢራ ጠፋ? አልጠፋም። የሚፈልግ ሄዶ ይጠጣል። ልጆች ግን ኳስ ለማየት ቁጭ ባሉ ቁጥር የቢራ ዘፈን እየሰሙ አያድጉም። ውርርድም ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው የተከለከለ ነው። ዕድሜው አንድ፣ ምክንያቱም አንድ፤ ታዲያ አንዱ ከስክሪን ሲወርድ ሌላው ለምን ስክሪኑን ይወርሳል?»

መውረሱ የአነጋገር ማሳመሪያ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. በፊት የስፖርት ፕሮግራሞችን የያዙት የቢራ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ የብሔራዊ ቡድኑ ስፖንሰር ሳይቀር ዋልያ ቢራ ነበር። አዋጁ ከጸደቀ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን፣ የአገሪቱ ትልቁ የእግር ኳስ ውድድር የአንድ አወራራጅ ድርጅት ስም ይዞ «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተባለ። ጋዜጠኛው ውጤት ሲያነብ ያንን ስም ይጠራ ነበር፤ ልጁም የሊጉን ስም ሲጠራ የአወራራጁን ስም አብሮ ይጠራ ነበር። ይህን ማስታወቂያ በአየር ሰዓት መለካት አይቻልም፤ ከዜናው ጋር ተሰፍቷልና። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ቴሌብር ሥራ ጀመረ። የሊጉ ስምና በስልክ መክፈል በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ተገናኙ ማለት ነው።

ቡና ሻጯ እስካሁን ስኒ ስታጥብ ነበር። «አዋቂ አዋቂ ትላላችሁ» አለች። «ጎረቤቴ ያለው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። እናቱ ዩኒፎርም ይሰፋልህ ብላ የሰጠችውን በስልኩ አስገብቶ ጨረሰው። ማን አስተማረህ ብላ ብትጠይቀው ‹ስልኩ ራሱ ነገረኝ፤ መጀመሪያ 50 ብር ነፃ ሰጡኝ› አላት። በማን ስም እንደተመዘገበ ታውቃለህ? በእሷ በእናቱ። ሲሙ የእሷ ነው።»

ወጣቱ ዝም ብሎ ቆየና «ቦነሱ ነው» አለ። «ቦነሱን እኔም አልወደውም እትዬ። መጀመሪያ የተሰጠህን ብር ብዙ ጊዜ ደጋግመህ ካልተጫወትክበት ማውጣት አትችልም። ያንን በትንሽ ፊደል ነው የሚጽፉት።»

እዚህ ላይ የጋምቤላ ጉዳይ ከአዲስ አበባው የሚለይበት ነገር አለ። በ2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በየሰፈሩ የተከፈቱ የውርርድ ቤቶችን ዘግቷል። የከተማው ወላጆች ከትምህርት ቤት ደጃፍ ተነሱልን ብለው ብዙ ጮኸዋልና እርምጃው ድጋፍ ነበረው። ቤት መዝጋት ግን ቤት ላለበት ከተማ የተሰጠ መድኃኒት ነው። ከዋና ከተማዋ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ በአቦቦም ሆነ በኢታንግ ወይም በላሬ የተቀመጠ ወጣት ለመወራረድ የውርርድ ቤት አያስፈልገውም። ስልክና የሞባይል ገንዘብ ይበቁታል። ወደዚያ የሚያስገባው በርም ማስታወቂያው ነው፤ ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀው ሊንክ፣ ቲክቶክ ላይ በታዋቂ ሰው አፍ የሚነገረው፣ ከጨዋታው እረፍት በፊት የሚታየው። ለጋምቤላ የማስታወቂያ ገደብ ከዋናዎቹ እርምጃዎች አንዱ እንጂ ተጨማሪ እርምጃ አይደለም።

«እሺ» አለ ወጣቱ፣ «የኛን ይከልክሉ። የእንግሊዙንስ? ዌስትሃም ለዓመታት የተጫወተው ደረቱ ላይ ቤትዌይ ተጽፎ ነው። እንዲህ ያለውን በምን ትሸፍኑታላችሁ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024/25 የውድድር ዘመን ከ20ዎቹ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች 11ዱ የማሊያቸውን ፊት ለአወራራጅ ድርጅቶች ሸጠው ነበር። ጋምቤላ ውስጥ ብዙ ደጋፊ ያላቸው አርሰናል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሊቨርፑልና ቼልሲ ከእነዚያ ውስጥ አልነበሩም፤ ነገር ግን በሜዳው ዙሪያ የሚሽከረከረው ሰሌዳ ለማንም አይመርጥም። የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚያ የውድድር ዘመን የመክፈቻ ሳምንት መጨረሻ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በማኅበራዊ ሚዲያ 29,145 የቁማር መልእክቶችን ቆጥረዋል። ከአንድ ዓመት በፊት በተመሳሳይ ቀናት የቆጠሩት 10,999 ነበር። አወራራጆቹ በገዛ ፈቃዳቸው እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት በቀጥታ ጨዋታ መሀል የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አናስነግርም ብለው ነበር። ማስታወቂያው ግን ከእረፍት ሰዓት ወጥቶ ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ማሊያውና ወደ ስልኩ ሄደ። ክለቦቹም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከ2025/26 የውድድር ዘመን ማብቂያ በኋላ የማሊያውን ፊት እንደሚተዉ ተስማምተዋል። እጅጌውና ሰሌዳው ግን ስምምነቱ ውስጥ የሉበትም።

«ያንን መሸፈን አንችልም» አሉ መምህሩ። «ግን አስተውል። እንግሊዛዊው ልጅ የሚያየውን ሰሌዳ የኛም ልጅ ያያል፤ ልዩነቱ ወጣ ብሎ የሚያገኘው ነው። ሰሌዳው ላይ ያየውን ስም ስልኩ ላይ በአማርኛ ሲያገኘው፣ ቦነስ ሲጨመርለት፣ የሚያደንቀው ተጫዋች ሲደግምለት ነው ነገሩ ሥር የሚይዘው። የውጭውን ባንነካው የራሳችንን መንካት እንችላለን።»

«ሞክረው ያቃታቸውም አሉ። ኬንያ እንኳን አልቻለችም።»

ኬንያ የምትጠቀሰው በሁለት በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የአገሪቱ የውርርድ ተቆጣጣሪ ቦርድ የአደባባይ ሰሌዳን፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያንና የታዋቂ ሰዎችን ድጋፍ ከለከለ፤ በቀን ሰዓት የሚተላለፉትንም እንዲሁ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላው ታገደ። በዚያው ዓመት መንግሥት የበርካታ ድርጅቶችን ፈቃድ ሳያድስ ቀርቶ ጎር ማሂያንና ኤኤፍሲ ሌፐርድስን ይደግፍ የነበረው ስፖርትፔሳ ሥራውን አቆመ፤ ክለቦቹም ያለ ስፖንሰር ቀሩ። ማስታወቂያው ተመልሶ ገነነ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 29 ቀን 2025 ቦርዱ ማንኛውንም የቁማር ማስታወቂያ ለ30 ቀናት አገደ፤ በዚያው ዓመት አዲስ የቁማር ቁጥጥር ሕግ ወጣ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መከልከል አይቻልም የሚል አይደለም። በደብዳቤ የወጣ ክልከላ በቀላሉ ይወድቃል፤ በምክር ቤት የጸደቀ ሕግ ግን መሠረት አለው። የእኛው የአልኮል ማስታወቂያ ክልከላም በአዋጅ ስለወጣ ነው የጸናው።

ጣሊያን ከዚህም ራቅ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ድንጋጌ የቁማር ማስታወቂያን፣ ቀጥላም ስፖንሰርሺፕን በሙሉ ከለከለች። ነገር ግን አወራራጆቹ በራሳቸው ስም የስፖርት ዜና ገጽ ከፍተው በዚያ በኩል ተመለሱ፤ ኢንተር ሚላን እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ የሚለብሰው ማሊያ ላይ ያለው ስም እንዲህ ያለ ነው። ስፔን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ማስታወቂያውን ከሌሊቱ 7 እስከ 11 ሰዓት ብቻ እንዲተላለፍ ወስና ከማሊያም አስወጥታዋለች። ስለዚህ ሕጉ ሲጻፍ «ውርርድ ማስተዋወቅ» ብሎ መተው አይበቃም፤ የአወራራጁን ስም፣ ዓርማና ቀለም በማናቸውም ሌላ ሥራ ስም ማስተዋወቅንም መጨመር አለበት።

ወጣቱ ሌላም ነገር ነበረው። «የጋምቤላ ክለብ ማሊያ የሚገዛለት ጠፍቶ ሲንከራተት አይተዋል አይደል? አወራራጅ መጥቶ ማሊያና ጫማ ልስጥ ቢል እምቢ በሉ ልትሉ ነው?»

ይህ የክርክሩ ከባዱ ቦታ ነው፤ መምህሩም አልሸሹትም። «ባለፈው ይህን ብትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም። አሁንም ሙሉ መልስ የለኝም። የማስበውን ልንገርህ። አወራራጁ ለክለቡ የሚሰጠው ከየት የመጣ ነው? ከእነዚያ 1,023 ልጆች ነው። እነሱ ደግሞ የክለቡ ደጋፊዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹም የክለቡ ተጫዋቾች። ክለቡ ሊያገኝ የሚገባውን ገንዘብ ከሕዝቡ በአወራራጁ በኩል አዙሮ ከሚያገኘው፣ መንግሥት ከውርርዱ ከሚሰበስበው ላይ ለክልል ክለቦችና ለታዳጊ ፕሮጀክቶች ድርሻ ይቁረጥ። ስም የማይለጠፍበት ገንዘብ ይሁን።»

«እስኪቆረጥ ድረስስ?»

«እስኪቆረጥ ድረስ የአዋቂዎቹ ቡድን ጊዜ ይሰጠው ብትለኝ እሺ እላለሁ። የታዳጊዎቹ ማሊያ ላይ ግን አንድ ቀንም ቢሆን አይሆንም።»

«ብሔራዊ ሎተሪስ? እሱም እኮ በአደባባይ በድምፅ ማጉያ ይሸጣል።»

ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የእንቁጣጣሽ ዕጣ ከበዓሉ ጋር የተያያዘ ነው። የወረቀት ሎተሪ የቆረጠ ሰው ዕጣው እስኪወጣ ቀናት ይጠብቃል። በስልክ የሚጫወት ሰው ግን ውጤቱን በ90 ደቂቃ፣ አውሮፕላን እያበረረ በሚያስቆምረው ጨዋታ ደግሞ በሰከንዶች ያውቃል፤ ወዲያውም ይደግማል። ሱስ የሚያስይዘው ይህ ፍጥነት ነው። ቢሆንም የወጣቱ ጥያቄ ሌላ እውነት ይነካል። አዋጅ ቁጥር 535/1999 ዕጣ መሸጥን፣ ለአወራራጆች ፈቃድ መስጠትንና ከሥራው ገቢ መሰብሰብን ለአንድ ተቋም፣ ለሎተሪ አስተዳደሩ፣ ሰጥቷል። የሽያጩ መብዛት ገቢው የሆነ ተቋም ሽያጩን የሚያበዛውን ማስታወቂያ እንዲቀንስ መጠበቅ ይከብዳል። የአልኮል ማስታወቂያን የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ከቢራ ሽያጭ የሚያተርፈው ነገር የለም። የውርርድ ማስታወቂያም እንዲህ ላለ አካል፣ በብሮድካስት በኩል ደግሞ ለመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ቢሰጥ ይሻላል።

«የመጨረሻዋን ልበል» አለ ወጣቱ። «ፈቃድ ያላቸው ዝም ሲሉ ፈቃድ የሌላቸው ይጮሃሉ። ቴሌግራም ላይ ‹ፊክስድ ማች አለን› እያሉ የሚዘርፉት አይታገዱም። ሰውን ከሕጋዊው አውጥታችሁ ለሌባ ትሰጡታላችሁ።»

«ይህ ስጋት በአውሮፓም ይነሳል፤ ትክክለኛ ስጋት ነው» አሉ መምህሩ። «እዚህ ግን አንድ የሚረዳን ነገር አለ። አውሮፓዊው በባንክ ካርዱ የትም አገር ላለ ድርጅት ይከፍላል። የኛ ልጅ ያለው ብር ነው፤ ብሩ የሚንቀሳቀሰው በቴሌብር፣ በኤምፔሳ ወይም በባንክ ነው። ፈቃድ የሌለው አወራራጅ በእነዚያ በኩል እንዳይሰበስብ ማድረግ ይቻላል። በክሪፕቶ የሚጫወት ጥቂት ሰው ይኖራል፤ ላሬ ያለው ተማሪ ግን እሱ አይደለም። ደግሞም ፈቃድ ያለው በየደቂቃው ባይጮህ ኖሮ ፊክስድ ማች የሚሸጠው ሌባ ገበያ ባላገኘ ነበር። ያንን ገበያ ያሟሟቀለት ማስታወቂያው ነው።»

ቡና ሻጯ ሦስተኛውን ቀዳች። «እና ምን ልታደርጉ ነው?» አለች። «በየቅዳሜው ትከራከራላችሁ፤ የጎረቤቴ ልጅ ግን ትምህርቱን አቁሟል።»

ለአገር አቀፍ ማስታወቂያ አዋጅ የሚያወጣው የፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። ይህ ማለት ግን ጋምቤላ ተቀምጣ ትጠብቅ ማለት አይደለም። የአደባባይ ሰሌዳ የት እንደሚቆም የሚወስነው የከተማ አስተዳደር ነው። ስታዲየሙ የክልሉ ነው፤ ክልሉ የራሱ መገናኛ ብዙኃንም አለው። እነዚህ ሦስቱ አዲስ አበባን ሳይጠብቁ ሊሠራባቸው የሚችሉ ናቸው። ከፌዴራሉ የሚፈለገው ግልጽ ነው፦ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንደ አልኮሉ ሙሉ ክልከላ፤ ቦነስና «ነፃ ብር» ብሎ መጥራት እንዲቀር፤ ተጫዋችና አርቲስት እንዳያስተዋውቅ፤ ሳይጠይቁት በስልክ የሚላክ መልእክት እንዲቆም፤ የተፈቀደው ማስታወቂያ ላይም ስንት ሰው ተጫውቶ ስንቱ እንደተሸነፈ ከአሸናፊው ቁጥር ባላነሰ ፊደል እንዲጻፍ።

«ደብዳቤውን እኔ እጽፈዋለሁ» አሉ መምህሩ። «ለከተማ አስተዳደሩና ለወጣቶችና ስፖርት ቢሮ።»

«ስለ ክለቡ ያሉኝን ካስገቡበት እፈርማለሁ» አለ ወጣቱ። «የገንዘቡን ነገር ካልጻፉ ግን ማንም አይሰማዎትም። ስፖርት ቢሮ የሚያነበው መጀመሪያ እሱን ነው።»

«በኑዌርኛና በአኝዋክኛም ይጻፍ» አለች ቡና ሻጯ። «ማስጠንቀቂያ የሚባለው ነገር ሁሉ በአማርኛ ነው የሚመጣው። የልጁ እናት አማርኛ አታነብም።»

«ይጻፋል። ግድግዳህ ላይ ያለውስ?»

«እስከ ሰኔ ውል አለኝ ቲቸር። ብቀደው ለሦስት ወር የተከፈለኝን መልሱ ይሉኛል። በሩ ላይ ግን ከዛሬ ጀምሮ ዕድሜ እጠይቃለሁ። ወረቀቱንም ልጆቹ ከሚቀመጡበት ከፊት ግድግዳ አንስቼ ወደ ኋላ እወስደዋለሁ። ውሉ የት ይለጠፍ አይልም።»

መምህሩ ደብተሩን መልሰው ሰጡት። ወጣቱ ስሌቱ ያለበትን ገጽ ቀደደና በፎቶው ስር ልለጥፈው ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

«ቁጥሩን አስተካክለህ ጻፈው» አሉ። «5,211 ያልኩህ ከግብሩ በኋላ ያለው ነው፤ እሱን ለይ።»